አንድ ማንኪያ ትርፍ

የካቲት 11

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። የጠየቅሽኝን በየተራ ልመልስልሽ፣ አለበለዚያ ይጠፋብኛል።

አዎ፣ ከሆስፒታል ወጥተናል፤ ማክሰኞ ከሰዓት አስወጡን። አይ፣ ያለጊዜዋ አይደለም የመጣችው። ዘጠኝ ወሯን ጨርሳ፣ ቀኗን ጠብቃ ነው የተወለደችው፤ ብቻ ሲመዝኗት አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሆነች። አዋላጇ ሚዛኑ የተበላሸ መስሏት አንስታ ደግማ አስቀመጠቻት። ያው ነው። ሆድ ውስጥ እያለች ምግቡ በደንብ አልደረሳትም አሉኝ። እኔ እኮ እበላ ነበር፣ አንቺም ታውቂያለሽ። የእንግዴ ልጁ ነው ችግሩ አሉ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ተረከዟን እየወጉ የደሟን ስኳር ያዩ ነበር። ሁለቴ ወርዶባት ነበር። እንዲህ ትንሽ ሆነው የሚወለዱ ልጆች ያስቀመጡት ስንቅ ስለሌላቸው ቶሎ ይወርድባቸዋል አለችኝ ነርሷ። አሁን ግን ደህና ናት ብለዋል። ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ስታለቅስ ድምፅዋ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል።

ስለ እኔም ጠይቀሻል። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፣ ተውኩት። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው። ምንም አይሰማኝም እትዬ። አያሳዝነኝም፣ ደስም አይለኝም። ደረቴ ላይ ሲያስተኟት የመጋረጃውን ስፌት እቆጥር ነበር፤ ጫፉ ላይ ክር ዘሏል፣ የቸኮለ ሰው ነው የሰፋው። እናት ልጇን እንዳየች ትወዳለች ይላሉ። እኔ ይቺን ልጅ አልወደድኳትም። አያታለሁ፣ አያታለሁና የማን ናት እላለሁ። አትቆጪኝ። ብትቆጪኝም ግድ የለኝም፣ እውነቱ እሱ ነው።

ባለቤቴ ጭነት ይዞ ወጥቷል፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አይመለስም። ከመሄዱ በፊት በስንዝሩ ለክቷት «ሚጢጢ» አላት፤ ስሟ በዚያው ጸና።

አንቺ ሃያ ዓመት ሕፃን ስትመዝኚ የኖርሽ ሰው ነሽ። ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ እንጂ የምትዪኝን አደርጋለሁ። ማድረጉ አላቃተኝም፤ ይህን አድርጊ የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት።

እህትሽ


የካቲት 19
(ሃያ ቀኗ)

ታናሼ፣ ሆዴ፣

አልቆጣሽም። ብቆጣስ እጄ እዚያ ድረስ አይደርስም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሚዛን ክፍሌ ውስጥ ነው። ውጭ አሥራ አራት እናቶች ተሰልፈው እየጠበቁኝ፣ በሩን ዘጋሁና ሁለቴ አነበብኩት። አንዷ በሩን ስትደበድብ «ሚዛኑ ትንሽ ይረፍ» አልኳት። አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ልጁን እንደ ሰው ዕቃ ታቅፋ የምትመጣ ስንት አይቻለሁ፤ አፍ አውጥታ የምትናገረው ናት የጠፋችው። ፍቅሩ ይመጣል። የልጁ የእድገት ካርድ ላይ የኪሎው መስመር ሽቅብ ሲወጣ እናትየውም አብራ ቀና ትላለች። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የምነግርሽ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

አሁን ሥራ ልስጥሽ። መጀመሪያ ጡት፣ ከዚያ ጡጦ። የዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን ልክ አትከተይ፤ እሱ የተጻፈው ኪሎ ሞልተው ለተወለዱት ነው። በየጡጦው ከታዘዘው በላይ አንድ ማንኪያ ትርፍ ዱቄት ጨምሪበት። እኛ እዚህ ለትንንሾቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የምንለው። እንቅልፍ ወስዷታል ብለሽ አትዘኚላት፤ በየሁለት ሰዓቱ ቀስቅሻት። አልጠጣም ካለች ጉንጯን በእርጥብ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጊያት፣ ትጨርሳለች። ማደግ አለባት፣ ቶሎ ማደግ አለባት። ከእኩዮቿ እኩል እስክትሆን ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር ለአንቺም ለእሷም የለም።

መጻፍ ካቃተሽ ቃል አልፈልግም። በየቅዳሜው አስመዝኚያትና ኪሎዋን ብቻ ላኪልኝ። አንድ ቁጥር፣ አለቀ። ደግሞ ከቀኑ ሥር ዕድሜዋን ጻፊ፣ እኛ ካርድ ላይ እንደምናደርገው። የዕድሜው ነገር ካልታወቀ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረኝም።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ። ልጅን በስንዝር የሚለካ ሾፌር ቢጠፋ አንቺ ቤት ተገኘ።

እህትሽ፣ የሚዛኗ


ሰኔ 29
(አምስት ወሯ)

ለእትዬ፣

ቅዳሜ የላክሁልሽ ቁጥር ስህተት አይደለም። ሰባት ኪሎ ከስምንት መቶ ነው። እኔም አላመንኩም፤ ጤና ጣቢያ የምትመዝናት ልጅም አላመነችም። ጓደኞቿን ጠርታ ካርዱን አሳየቻቸው፤ መስመሩ ከታች ተነስቶ ሌሎቹን መስመሮች እየቆረጠ ወጥቷል። የጎረቤታችን ልጅ ሦስት ኪሎ ተኩል ሆኖ ነበር የተወለደው፤ በልጣዋለች። እናቱ ምን አበላሻት ብላ መጣች፤ የእህቴ ነገር ነው አልኳት።

አይ፣ ማንኪያውን አልቀነስኩም። አንዳንዴ ጡጦውን በምላሷ ትገፋዋለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ያኔ አንቺ እንዳልሽኝ ጉንጯን በእርጥብ ጨርቅ እየነካካሁ አስጨርሳታለሁ። አንድም ቀን ተርፎ አያውቅም።

ወደ ስፌት ቤቱ ሥራ ተመልሻለሁ። ያው የትምህርት ቤት ልብስ ነው፤ ሁለት መቶ ቀሚስ፣ ሁለት መቶ ሱሪ። እሷን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ካርቶን ውስጥ አስቀምጣታለሁ፤ ባለሱቁ ምንም አላለኝም።

ስለ እኔ ደግመሽ ጠይቀሻል። አልዋሽሽም። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ያው ድንዝዝ ብዬ ነው የምውለው። ልብሷን እለውጣለሁ፣ አጥባታለሁ፣ የሌላ ሰው እጅ የሚሠራልኝ ይመስለኛል። ቅዳሜ ግን መዛኟ ልጅ ቁጥሩን ስትናገር እዚህ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ፈታ ይላል፤ ሚጢጢን አንስቼ ጠበቅ አድርጌ እይዛታለሁ። እስከ እሁድ ማታ ይቆያል። በየቀኑ መዝኑልኝ ብላቸው ሳቁብኝ።

እህትሽ


ኅዳር 3
(ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወሯ)

ታናሼ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ አጠገቤ ናቸው። አልታመምኩም፤ አልተቀየምኩሽም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ ነበር፣ እሱም ውሸት ነው። እንዲሁ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ሁለት ሳምንት ሥልጠና ላይ ነበርን። የሚያሠለጥነን ሐኪም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ጢሙን ገና መላጨት የጀመረ የሚመስል ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን አስተማረኝ። ግድግዳችን ላይ የነበሩትን ሥዕሎች አንስተን ሌላ ለጠፍን። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ለጠየቅሽኝ፦ የቆርቆሮ ወተቱን ተይው። ማንኪያውንም፣ ጡጦውንም። ትልቅ ልጅ ናት እኮ፣ እናንተ የምትበሉትን ትብላ፤ በቃኝ ካለች በቃት። የተረፈውን አንቺ ብዪው፣ አንቺ ነሽ የከሳሽው። ለስላሳና ጭማቂ አታስለምጂያት። እንድትሮጥ ልቀቂያት።

የቅዳሜውን ቁጥርም ከእንግዲህ መላክ አያስፈልግሽም። ደርሳለች፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም።

የሚዛኗ


ኅዳር 17
(ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወሯ)

ለእትዬ፣

ቁጥሩን አትላኪ ማለትሽ ከፍቶኛል። አሰለቸሁሽ ማለት ነው? ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር አንድ ቅዳሜ አላጎደልኩም። ጎርፍ የነበረ ዕለት እንኳ አዝያት ሄጃለሁ። እሺ፣ አልልክልሽም። ለራሴ ግን እጽፋለሁ፤ ደብተር ገዝቻለሁ።

ለመቀየም አይደለም የጻፍኩልሽ፤ ሌላ ወሬ አለኝ። ሐሙስ ዕለት ልብስ እየቆረጥኩ ሚጢጢ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የጨርቅ ቁርጥራጭ ራሷ ላይ ጭና ወጣች። ጆሮዋ ላይ ኪስ ተንጠልጥሏል። አይታኝ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ መሳቄን ያወቅሁት ድምፄን ከሰማሁ በኋላ ነው። ባለሱቁ ዞር ብሎ አየኝ፤ እዚያ ቤት ስስቅ ሰምቶኝ አያውቅም። እትዬ፣ የወደድኳት ይመስለኛል። ቅዳሜ አልነበረም፣ ሐሙስ ነበር።

ያደረግሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ባትኖሪ እሷም አትተርፍም፣ እኔም አልተርፍም ነበር።

ጡጦውን ሁለት ቀን ከለከልኳት። በሦስተኛው ቀን ስታለቅስ አንጀቴን በላችው፣ ሰጠኋት። ቀስ በቀስ አስተዋታለሁ። የምትወደውን ነገር መንሳት ደግሞ አሁን ገና ነው የከበደኝ።

እህትሽ


መስከረም 29
(ስምንት ዓመት ከስምንት ወሯ)

ለእትዬ፣

በሰላም መግባትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኛን ለማየት ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ አምስት ቀን ብቻ መቆየትሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን የቸኮልሽበት የገባኝ ይመስለኛል።

ሆዴ ውስጥ ይዤው ከማድር ልጻፈው። ረቡዕ ከሰዓት ሚጢጢ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷት በእኔ ሜትር ወገቧን ስትለኪ አይቼሻለሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ለካሽ፣ ቁጥሩን በከንፈርሽ ተናገርሽ፣ ሜትሩን እንደነበረ ጠቅልለሽ ቦታው መለስሽ። ልብስ ልታሰፋላት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በዚህ ቤት ልብስ የምሰፋው ግን እኔ ነኝ።

ወገቧን እኔም አውቀዋለሁ። ዘንድሮ የትምህርት ቤት ቀሚሷን የቆረጥኩት በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ልኬት ነው፤ ከታች አሳጠርኩት። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ስሟን ጠልታዋለች፤ ክፍሏ ውስጥ ያሉ ልጆች «ሚጢጢ» እያሉ ጠርተው ይሳሳቃሉ። ይህን ሁሉ አያለሁ። ደህና ናት፣ አጥንቷ ሰፊ ነው፣ አባቷን ነው የመሰለችው እያልኩ ከዓመት ዓመት አስተላልፈዋለሁ።

አንቺ ግን እዚህ በነበርሽበት ሁሉ ዳቦ ስቆርስላት ዓይንሽ እጄን ይከተለው ነበር። የገዛሁላትን ጭማቂ ከመደርደሪያው ጀርባ ደበቅሽው። አብዪ፣ አስጨርሺ፣ ቀስቅሺ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ።

እህትሽ


ጥቅምት 10
(ስምንት ዓመት ከስምንት ወሯ)

ታናሼ፣

ሌባዋ እጅ ከፍንጅ ተያዘች በያ። ምን ላድርግ፣ ሕፃን ስትመዝን ያረጀች ሴት እጇ ዝም አይልም። አንቺስ አውቶቡስ ውስጥ የማታውቂውን ሰው ኮሌታ ስታስተካክዪ በዓይኔ አላየሁሽም? በሽታችን አንድ ነው።

የምደብቅሽ ነገር የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ክሊኒካችን ኪሎ አንሷቸው የተወለዱ ልጆች አሁን እንዴት እንዳሉ ጥናት እያደረገ ነው። የእህቴ ልጅ ካልገባችበት ምኑን ጥናት ሆነ ብዬ ስሟን አስመዘገብኩ። እና አንድ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ወደ ሐኪም ውሰጃትና ደሟን ያዩላት፤ ስኳሯን፣ ቅባቷን። ደም ግፊቷንም ይለኩላት። ጉበቷንም በአልትራሳውንድ ያዩላት ዘንድ ጠይቂልኝ። ለቁጥር ያህል ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ውሃ ብትጠጣ ችግር የለውም። መርፌ ትፈራለች፣ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት በያት፣ እኔን ትጥላኝ።

የሚዛኗ


ኅዳር 8
(ስምንት ዓመት ከዘጠኝ ወሯ)

ለእትዬ፣

ቁጥሮቹን ልላክልሽ፣ ቁጥር ነው የለመድነው።

ሳትበላ የተለካው ስኳር 117። መቶ አይለፍ የሚባለው ነው። ደም ግፊቷ ለዕድሜዋ ከፍ ያለ ነው። ጉበቷ ላይ ስብ ጀምሯል። ኪሎዋ አርባ ሁለት። ስኳር ገና አልያዛትም አለ ሐኪሙ፤ ግን በዚህ ከቀጠለች ደጃፉ ላይ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ስኳር የአማቴ በሽታ ነበር የሚመስለኝ፣ ዱላ የሚይዙ ሰዎች በሽታ።

ሐኪሙ ስንት ኪሎ ተወለደች አለኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ እንዴት አደገች አለኝ። ደስ አለኝ እትዬ፣ ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ለአንቺ የላክኋቸውንም መጀመሪያ ላይ ገልብጫቸዋለሁ። ሐኪም አይቶ የሚያደንቀኝ መስሎኝ ነበር። ገጽ በገጽ አገላበጠው፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ላይ ቆየ። ከዚያ ምን ትመግቢያት ነበር አለኝ። ትርፍ ማንኪያውን ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠና «ማን ነው እንደዚያ አድርጊ ያለሽ?» አለኝ።

አጠያየቁ ቁጣ አልነበረውም፤ ዝግ ብሎ ነው የጠየቀኝ። እዚያች ላይ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ አጭሯ ደብዳቤሽም፣ ሜትሩም፣ ጥናቱም። «ቆርቆሮው ላይ ተጽፎ ነበር» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ከአፌ ወጣ።

ጥናት የሚባል ነገር የለም አይደል? እሱን እንኳ ተይው። አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝ፤ መቼ ነው ያወቅሽው?

እህትሽ


ኅዳር 20
(ስምንት ዓመት ከዘጠኝ ወሯ)

እህቴ፣

ጥናት የለም። ያወቅሁት ሚጢጢ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ጥቅምት ውስጥ፣ ሥልጠናው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት።

ያ ልጅ የመሰለኝ ሐኪም ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ሳለ። ሁለቱም ትንሽ ሆነው የተወለዱ ሕፃናት ናቸው፤ አንዱ ቀስ እያለ ወጣ፣ አንዱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ። ቀጥ ያለው የእኛ ነበር፣ ካርዱን ሳላይ አወቅሁት። ሆድ ውስጥ ምግብ ያነሰው ልጅ ሰውነቱ በጥቂቱ መኖርን ይለምዳል አለን። ተወልዶ በላይ በላዩ ሲሞላበት ከሥጋው ስቡ ይቀድማል፤ ስኳሩና ግፊቱ ኋላ ይከተላል። አይራቡ፣ ረሃቡም ለጭንቅላታቸው ጉዳት ነው፤ ግን ጡት ይጥቡ፣ በልካቸው ይደጉ፣ አትጎትቷቸው አለ። እጄን አወጣሁና «ትርፍ ማንኪያስ?» አልኩት። «እሱን ማን ያደርጋል?» አለኝ። እጄን አወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት አምስቱም ባልደረቦቼ ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

ልነግርሽ ተነስቼ ነበር። ያቺ አጭር ደብዳቤ መጀመሪያ አራት ገጽ ነበረች፤ ቀደድኳትና ሌላ ጻፍኩ። መልስሽ እስኪመጣ ልቆይ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አልኩ። መልስሽ መጣ፤ ጠረጴዛው ሥር፣ ጨርቁ፣ ሳቁ። ያን ሁሉ ጊዜ ከሞት ያልተሻለ ሰው ሆነሽ ቆይተሽ ልጅሽን ወደድሽ። ወደዚያ ያደረሰሽ ኪሎው ነው፤ ኪሎው ጥፋት ነበር ካልኩሽ ፍቅሩም አብሮት የሚናድ መሰለኝ። ደግሞም አፈርኩ። ይህንንም ጻፊው ብዬ ራሴን አስገድጄ ነው የጻፍኩት። የሚዛኗ ተሳሳተች መባልን ፈራሁ። የትኛው ይበልጥ እንደነበር ዛሬም መለየት አልቻልኩም።

ማንኪያው ብቻውን አደረገው ብሎ የሚምል ሐኪም የለም። ትንሽ መወለዷ ራሱ አለበት፣ የአማትሽ ስኳር አለበት፣ ጭማቂውም አለበት። ይህን የምልሽ ልሸሸግበት አይደለም፤ ሁሉንም ራስሽ ላይ እንዳትጭኚው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ብታውቂ ኖሮ ማድረግ የምትችዪው ነገር ነበር። ያንን የወሰድኩብሽ እኔ ብቻ ነኝ።

ሐኪሙን ቆርቆሮው አይደለም በዪው። ስሜንም የሥራ ቦታዬንም ስጪው።

ሰኞ ካርድ ክፍሉን አስከፈትኩ። በእኔ እጅ ጽሕፈት ጥጉ ላይ «አንድ ትርፍ» የሚል ያለባቸውን ለየሁ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኑ። ልጆቹ አሁን ተማሪዎች ናቸው። አድራሻቸውን እያፈላለግሁ እየጠራኋቸው ነው፣ እስካሁን አሥራ አንድ እናቶች መጥተዋል። አንዷ አፏ እንዳመጣላት ሰደበችኝ። አንዷ ደግሞ ልጄን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ ብላ እጄን ሳመች፤ እሷ ባሰችብኝ። አለቃዬ ከሚዛን ክፍል አንስተው መዝገብ ቤት አስገብተውኛል። ልክ ናቸው።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ይቅር ካልሽኝ ደግሞ አላምንሽም።

እህትሽ


ጥር 18
(ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው)

ለእትዬ፣

መልሴ ሁለት ወር ዘገየ። ፖስታ ቤቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ንዴት እስኪመጣልኝ እየጠበቅሁ ነበር። ደብዳቤሽን አንብቤ ቁጭ አልኩ፤ አሁን እቆጣለሁ፣ አሁን አለቅሳለሁ አልኩ። ምንም አልመጣም። ያው የመጀመሪያው ዓይነት ድንዛዜ ተመልሶ መጣ፣ ቤቱን ያውቀዋል። ተነስቼ ሰባ ሱሪ ቆረጥኩ። አንዱም አልተበላሸብኝም። ተናድጄ ብሰድብሽ ይሻለኝ ነበር፤ ደክሞኛል ብቻ።

ባለቤቴ ነገሩን ሲሰማ ውጭ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ሲመለስ «እሷም ለበጎ ብላ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አላነሳውም። በመጣ ቁጥር ብስኩት ይዞ ይመጣ ነበር፣ አሁን ኳስ ገዝቶላታል።

ስለ ሚጢጢ ልንገርሽ፦ መድኃኒት አልተሰጣትም። በሁለት ወር አንዴ እንመላለሳለን። ትምህርት ቤት በእግራችን ነው የምንሄደው፤ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፣ መጀመሪያ ሁለቴ ታርፍ ነበር፣ አሁን አንዴ ነው። ጭማቂውን አቁመናል። በቃኝ ስትል ሳህኑን አነሳለሁ፤ የተረፈውን እኔ እበላዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ስኳሯ 109 ሆነ። ጥሩ ነው አለ ሐኪሙ። እኔ ቁጥር ሲወርድ ደስ መሰኘት አልለመድኩም፤ እያለማመደኝ ነው።

ስምሽን ሰጥቼዋለሁ። ቆርቆሮው አይደለም፣ እህቴ ናት አልኩት። ጻፈው። ሌሎቹን እናቶች ራሷ እየጠራች ነው ስለው ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ክሊኒካችሁ ይጽፋል፣ እንዳትደነግጪ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ ሚጢጢ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ጫማዋን እያየች ነበር፣ የምትሰማ አልመሰለኝም። ትንሽ ሆና እንደተወለደች፣ ቶሎ እንድትተልቅ እንደተደረገች፣ ያ ጥሩ እንዳልነበረ፣ ሁሉንም ሰምታለች። ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ደረስን። ከዚያ ቆመችና «ትንሽ ሆኜ ብቀር ኖሮ ትወጂኝ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ከተወለድኩ ቀን ጀምሮ?»

«ከተወለድሽ ቀን ጀምሮ» አልኳት። እጄን ያዘችኝ፣ መንገዳችንን ቀጠልን።

ውሸት መሆኑን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ በእጄ የጻፍኩት አንቺ ዘንድ አለ። ስድስት ዓመት ከእኔ ደብቀሻል እትዬ፣ መደበቅ ታውቂበታለሽ። ይህን ደግሞ ከእሷ ደብቂልኝ።

እህትሽ